እናቴ የተረጎመቻቸው ፊልሞች

አባቴ እስከ ዛሬ አውርቶ የማይጠግበው አንድ አስፈሪ ፊልም አለ። እሱ እንደሚለው፣ ከረግረግ የወጣ፣ መላ አካሉ ጭቃ የሆነ ፍጡር የአንዲትን ሴት ቤት ሰብሮ ይገባል። ሴትዮዋ አትጮህም፣ አትሮጥም። ቀና ብላ ታየውና «እጅህን ከላዬ ላይ አንሣ፤ ባሌ እያየ ነው» ትለዋለች። እዚህ ላይ ሲደርስ አባቴ ሁለት እጁን ወደ ላይ ያነሣል። «አየህ? አንድ ዓረፍተ ነገር! የዛሬ ልጆች እንዲህ ያለውን ከየት ያመጡታል?»

ይህንኑ ፊልም ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ከፊልም ክበባችን ልጆች ጋር አየሁት። ፍጡሩም አለ፣ ጭቃውም አለ፣ ሴትዮዋም ቀና ብላ ታየዋለች። የምትለው ግን «በሩን ዝጋው፣ ብርድ ይገባል» ነው። ባል የላትም። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ፊልሙን ወደ ኋላ አስመለስኩት፤ ያው ነው። ጓደኞቼ በሣቅ ፈረሱ፤ እውነትም ጥሩ ቀልድ ነበር። እኔ ግን ወደ መጸዳጃ ቤት ሄጄ አስመለሰኝ።

በሁለቱ ፊልሞች መካከል ያለችው እናቴ ናት።

እናቴ ከማግባቷ በፊት የውጭ ሰዎች መሥሪያ ቤት ውስጥ ጸሐፊ ነበረች። አባቴ ፊልም ይወዳል፤ የፊልም ቋንቋ ግን እሱን አልወደደውም። ስለዚህ እሑድ ከሰዓት በኋላ ጓደኞቹ ቤታችን ተሰብስበው ካሴት ሲያዩ፣ ከሥር የሚያልፈውን ጽሑፍ እያነበበች ጮክ ብላ የምትተረጉምላቸው እሷ ነበረች። ፊልሙ ከየትም አገር ይምጣ፣ የሚያወራው በእናቴ ድምፅ ነው። ገዳዩም በእሷ ድምፅ ይዝታል፤ ሟቹም በእሷ ድምፅ ይናዘዛል። ገና ትምህርት ቤት መግባቴ ነበርና፣ የዓለም ሕዝብ ሁሉ ሲቆጣ እንደ እናቴ ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ ይመስለኝ ነበር።

እንግዶቹ ሁልጊዜ እነዚያው ናቸው። አንዱ ጎረቤታችን ነው፤ የጭነት መኪና ሾፌር፣ የጦር ፊልም ወዳጅ። ሌላው ሰፈሩ ሁሉ ቲቸር የሚለው የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ ነው፤ እሱ የሚወደው ከሩቅ አገር የመጣና ምንም ነገር የማይሆንበትን ፊልም ነው። ሦስተኛው የአባቴ አለቃ ነበር። አባቴ ንብረት ክፍል የሚሠራበት ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ነው፤ የሚወደው አስፈሪ ፊልም ብቻ ነው።

ያቺ ሳሎን ትዝ ስትለኝ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ሽታዋ ነው። አለቃው «ሲኒማ በጨለማ ነው!» ስለሚል መስኮቱ በእኔ ብርድ ልብስ ይጋረዳል፣ በሩ ይዘጋል፣ በጠራራ ፀሐይ ጨለማ ውስጥ እንታፈናለን። ሾፌሩ ጫማውን ያወልቃል፤ ካልሲው የረጠበ ውሻ ይሸታል። ሱፍ እየፈለጠ ገለባውን ከነምራቁ መዳፉ ላይ ይተፋዋል፤ ከመዳፉ የተረፈው ምንጣፉ ላይ ይረግፋል፤ እኔ የምቀመጠው እዚያ ነው። ቲቸር ሻዩን ሲምግ ከፊልሙ ድምፅ በላይ ይሰማል። አለቃው ብርቱካን ይበላል። ፍሬውን በጉንጩ ሲያመላልስ ይቆይና፣ የተመጠጠውን ገለፈት በሁለት ጣቱ ከአፉ አውጥቶ እናቴ ባቀረበችው ሳሕን ጠርዝ ላይ ይለጥፈዋል። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ያን የምትፍቀው እናቴ ናት።

ይከራከሩ ነበር። ከፊልሙ ይልቅ ክርክሩ ይጥመኛል።

«ከጦር ፊልም ሁሉ አንድ ነገር አይገባኝም» ይላል ሾፌሩ። «ይሄ ሁሉ ወታደር ሲታኮስ ውሎ አንድ እንኳ ሽንቱ አይመጣም?»

«ጦርነቱ ምሳሌ ነው» ይላል ቲቸር።

«የምን?»

«የሰው ልጅ ብቸኝነት።»

«በሻለቃ ጦር መሐል ቆሞ ብቸኝነት! አንተ ያመጣኸው ደግሞ ይብሳል፤ ሽማግሌው አጥር ሲጠግን ፊልሙ አለቀ።»

«ዝምታው ነው እኮ ቁም ነገሩ።»

«ዝምታ ለማየት ካሴት አልከራይም፣ ወንድሜ። ሚስቴ ስታኮርፍ እቤቴ አየዋለሁ፤ ያውም በቀለም።»

እናቴ እንኳ እዚህ ላይ ትሥቃለች። አለቃው ግን የሚናገረው ሁሉም ከጨረሰ በኋላ ነው። «አስፈሪ ፊልም ብቻ ነው እውነቱን የሚናገር» ይላል፣ ጥርሱን በምላሱ እየጠረገ። «አስተውላችሁ እዩ። ቀድማ የምትሞተው የምትጮኸዋ ናት። ዝም ብላ የተቀመጠች ትተርፋለች።»

«እውነት ነው፣ ጋሼ» ይላል አባቴ። በሩ አጠገብ፣ የካሴት ማጫወቻውን ዴክ ለመነካካት እንዲመቸው፣ ከሁላችን ኋላ በወንበር ነው የሚቀመጠው። ከዚያ ሁሉም ይታየዋል።

ይህን እኔ ስለ ፊልም የተሰጠ ምክር አድርጌ ወሰድኩት። ማታ መኝታዬ ላይ ስፈራ አፌን በትራስ እይዝ ነበር፤ እንድተርፍ።

የረግረጉን ፊልም ያየን ቀን፣ እንደ ልማዴ ምንጣፉ ላይ በእናቴ እግሮች መሐል ተቀምጫለሁ። አለቃው ሶፋው ላይ ከእሷ ጎን ነው። «ጆሮዬ ይከብዳል» ስላለ ከተርጓሚዋ አጠገብ እንዲቀመጥ ያደረገው አባቴ ነው። ፍጡሩ ከጭቃው ሲወጣ ቆዳው እየተላጠ ይወርዳል፤ ፊቴን አዞርኩ። ፊቴን ሳዞር እጁን አየሁት።

ሶፋው ላይ እንደ ቀንድ አውጣ እየተሳበ መጣ። ወፍራም ነው፤ ጣቶቹ ላይ ፀጉር አለ፤ የትንሿ ጣቱ ጥፍር ረጅም ነው፣ ጆሮውን ሲቆፍርበት አይቻለሁ። ከቴሌቪዥኑ በሚመጣው ብርሃን በብርቱካን ውኃ ርሶ ያብለጨልጫል። የእናቴ ጉልበት ላይ ወጣና እዚያው ተኛ። ከእጁ ሥር ቀሚሷ ረጠበ።

ልጅ ነኝ፤ ሰውየው ፈርቶ ነው አልኩ። እንዲህ ያለ ትልቅ ሰው፣ ያውም አስፈሪ ፊልም ካልሆነ አላይም የሚል! በሆዴ ሣቅሁበት፤ «ፈሪው ጋሼ» የሚል ስምም አወጣሁለት። ከዚያ ደግሞ አሳዘነኝ። እኔም ሌላኛውን ጉልበቷን ጥብቅ አድርጌ ያዝኩ። አንዱ ጉልበት ለእኔ፣ አንዱ ለእሱ። የእናቴ እግር እንደ እንጨት ደርቆ ነበር። እሷም ፈርታ መሰለኝ፤ ይህ እንኳ እውነት ነው።

ያኔ ነው ሴትዮዋ ቀና ያለችው፤ እናቴም «እጅህን ከላዬ ላይ አንሣ፤ ባሌ እያየ ነው» ያለችው።

እጁ ተነሣ።

«እሰይ!» አለ ሾፌሩ፣ የሱፍ ገለባ ከአፉ እየተረጨ። «ይቺ ናት ሴት!»

ዛሬ ሳስበው፣ ሌላ ጆሮ ቢኖር ወዲያው ይነቃ ነበር። እናቴ በትክክል ስትተረጉም ከእያንዳንዱ ንግግር በኋላ «ይላል»፣ «ትላለች» ትጨምራለች፤ ማን እንደተናገረ እንዳይጠፋን። አንዳንዴ ግን ያቺ ቃል ትቀራለች። ደክሟት ይመስለኝ ነበር። አልደከማትም። «ትላለች» የቀረባት ንግግር ሁሉ የራሷ ነው።

እንግዶቹ ሲሄዱ እናቴ ቀሚሷን አውልቃ በሳፋ ዘፈዘፈችው፤ ጉልበቱ ላይ ያለውን ቦታ እጇ እስኪቀላ ታሸዋለች።

«እማዬ፣ ምን ነክቶት ነው?»

«ብርቱካን። ብርቱካን አይለቅም።»

አባቴ ወደ ጓዳው ገባ። እኔ ጠረጴዛ ሥር በካሴት ማኅደሮች ቤት እየሠራሁ ነበር።

«አይተሃል፣ አላየህም?» አለችው፣ ከሳፋው ሳትዞር።

«ምኑን?»

«እሱን እኮ ነው የምጠይቅህ።»

«አይቻለሁ» አለ አባቴ።

«የዛሬውን ብቻ?»

«ከዛሬም በፊት አይቻለሁ።»

«እና?»

«ታገሺኝ። ሰው ሊቀነስ ነው፤ ማን እንደሚወጣ የሚወስነው እሱ ነው። ይቺን ወቅት እንለፋት። ምን ታደርጊዋለሽ… ዝም አይነቅዝም።»

«ዝም አይነቅዝም» አለች እናቴ። «እኔ ነቀዝኩ።»

ስለ ፊልሙ የሚያወሩ ነበር የመሰለኝ። አባዬ ያን ፊልም ከእኛ ተደብቆ ቀድሞ ብቻውን አይቶታል፤ እማዬ የተቀየመችው ለዚህ ነው። እኔም ተቀየምኩት። በማግስቱ ከረሜላ ይዞልኝ ሲመጣ አልቀበልም አልኩ፤ ለምን እንደሆነ ሳያውቅ ፊቱ ዐመድ መሰለ። አሁን ሳስበው የሆነ ነገር ያወቅሁ መስሎት ይሆናል።

በአባቴ መፍረድ ቀላል ነው። ክፉ ሰው አልነበረም። እናቴ ላይ እጁን አንሥቶ አያውቅም፤ ስታመም አዝሎኝ ሐኪም ቤት የሚሮጠው እሱ ነው። ፈርቶ ነበር፤ ፍርሃቱም ለእኛ እንጀራ ነበር። ይህን ሁሉ አመዛዝኜ ልረዳው ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ። ግን ጭንቅላቴ ሲረዳው ሆዴ አይቀበለውም። በዚያ ዓመት አልተቀነሰም፤ ከዚያው ፋብሪካ በጡረታ ነው የወጣው። ይህን ሲነግረኝ በኩራት ነው፤ እኔ ደግሞ በዚያች ደቂቃ እጁን እንዳልነካው እጄን ኪሴ እከታለሁ።

ከዚያ በኋላ ባሉት እሑዶች እናቴ የምትተረጉማቸው ሰዎች ሁሉ አሽሙር አበዙ። አንዲት ንግሥት ለአማካሪዋ «ከጎንህ ቁጭ ያልኩት ሰው ትሆናለህ ብዬ ነው» አለች። አንድ ሕፃን ልጅ ለውሻው «ጅብ ሲመጣ ያልጮህክ፣ ከሄደ በኋላ አትጩህብኝ» አለው። ከሁሉ የሚታወሰኝ ግን የጦር ፊልሙ ነው። አንድ የቆሰለ ወታደር ጉድጓድ ውስጥ ተኝቷል፤ ጓደኛው አጠገቡ ቆሟል። የቆሰለው ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፤ እናቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ጠላቴን አውቀዋለሁ። የገደለኝ ግን እሱ አይደለም። ከጎኔ ቆመህ ወዲያ ያየኸው አንተ ነህ» አለች።

ሾፌሩ አለቀሰ። ንፍጡን በእጅጌው ጠርጎ «እንዲህ ያለውን ጓደኛ መጀመሪያ እሱን ነበር መረሸን!» አለ።

«ጥልቅ ነው፤ በጣም ጥልቅ ነው» አለ ቲቸር።

«ምን ያድርግ?» የሚል ድምፅ ከኋላችን መጣ። አባቴ ነው። ክርክር ውስጥ ገብቶ አያውቅም ነበር፤ ያን ቀን ግን ከወንበሩ ተነሣ። «እስቲ በእሱ ቦታ ሁኑ! ቢተኩስ ሁለቱም ይሞታሉ። እሱም እኮ ቤተሰብ አለው። ጊዜ እየጠበቀ ቢሆንስ?»

«እስኪሞት ነው የሚጠብቀው?» አለ ሾፌሩ።

«አልሞተም ገና!»

«ወታደሩ ምን መለሰለት፣ እትዬ?» ብሎ ሾፌሩ ወደ እናቴ ዞረ።

እናቴ ቴሌቪዥኑን ሳይሆን አባቴን እያየች ነበር። «ምንም» አለች። «ምንም አልመለሰም፤ ይላል።»

አለቃው አዲስ ብርቱካን መላጥ ጀመረ። «ፊልም ነው፣ ተረጋጉ» አለ። «ደግሞ የምታወራ ሴት ስትተረጉመው ነው እንጂ ወታደር ይህን ያህል አያወራም።» ሁሉም ሣቁ። እኔም ሣቅሁ፤ ምን እንደሚያሥቅ ሳላውቅ።

ቲቸርን ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ የፊልም ዝግጅት ላይ አገኘሁት። ሸምግሏል፤ ሻዩን አሁንም ይምገዋል። ስለ እናቴ ሳነሣበት ዓይኑ በራ። «እሷ እኮ ነጻ ትርጉም ነበር የምትሠራው! እኔ ቀስ እያልኩ ጽሑፉን አነበው ነበር፤ እንደማይገጥም አውቃለሁ። ግን ከዋናው ይበልጥ ነበር፤ ዝም አልኩ።»

«ለምን የማይገጥመውን እንደምትል ጠይቀሃት ታውቃለህ?»

«ጥበብ አይጠየቅም» አለኝ፤ ሻይ ጢሙ ላይ ተንጠልጥሎ። የሚዋሽ አይመስለኝም። የሰው ጩኸት ሰምቶ ውበቱን ሲያደንቅ የኖረ ሰው ነው። ብዙ ሳልቆይ ተሰናበትኩት።

በመጨረሻው እሑድ ፊልሙን የመረጠው እሱው ቲቸር ነበር። አለቃው አጉረመረመ፤ ግን መጣ፤ ቦታውም ያው ነው። እናቴ ከመጀመሩ በፊት አባቴን «ዛሬ አንተ እዚህ ተቀመጥ፤ እኔ ወንበሩ ይበቃኛል» አለችው፤ ሁሉም እየሰማ። አባቴ ዴኩን ጎንበስ ብሎ አየና «ማጫወቻው እኔን ካልሆነ አይሰማም» አለ። እናቴ ሶፋው ላይ ተቀመጠች። እኔም ገለባው ላይ።

ፊልሙ አንዲት ሴት ጠረጴዛ ላይ ምስር ስትለቅም ነው። ትለቅማለች፤ ትለቅማለች፤ በመስኮት ባቡር ያልፋል፤ ደግሞ ትለቅማለች። የሚናገር የለም፤ ስለዚህ እናቴም ዝም ብላለች።

«ድንጋይ አገኘች» አለ ሾፌሩ። «እሰይ፣ ታሪክ ጀመረ።»

«ዝም በል እንጂ!» አለ ቲቸር።

ያኔ የአለቃው እጅ መጣ። ዛሬ ጉልበቷ ላይ አላረፈም፤ ወደ ላይ መሳብ ቀጠለ። ቀሚሷ አብሮት ተሰበሰበ። ወደ ቴሌቪዥኑ አየሁ፤ ምስር ነው። ወደ እሱ አየሁ፤ አፉ በብርቱካን ተሞልቶ በአፍንጫው ይተነፍሳል። ነገሩ ግራ ገባኝ። ጭቃ ያስፈራል፣ ደም ያስፈራል፤ ምስር ምን ያስፈራል? እንዲህ የሚፈራ ሰው ማጽናናት አለብኝ ብዬ፣ እናቴ ለእኔ በምትለው ድምፅ፣ ጮክ ብዬ፦

«አይዞዎት ጋሼ፣ ምስር እኮ ነው የምትለቅመው! እኔም ስፈራ የእማዬን እግር ነው የምይዘው፤ ግን ይሄ አያስፈራም። ይልቀቋት፤ ምንም አይሆኑም።»

የሱፉ ድምፅ ቆመ። የሻዩም ቆመ። ሾፌሩ አንገቱን ቀስ ብሎ አዞረ፤ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ሶፋውን አየ። እጁ ለመነሣት አልቸኮለም። ምን አለበት እንደሚል ሰው እዚያው ቆየ።

ከዚያ ከኋላችን አባቴ ሣቀ።

«አይ ልጅ!» አለ። «ለካ ጋሼም ይፈራሉ! ሃሃ! ምስር ያስፈራዎታል እንዴ፣ ጋሼ?» ሣቁ እርጥብ ነበር፤ የሆነ ነገር ሲዋጥ እንደሚሰማው ዓይነት። አለቃውም ሣቀ፤ የብርቱካን ብጣሽ አገጩ ላይ ወረደ። ብዙ አስፈሪ ፊልም አይቻለሁ፤ እንደዚያ ሣቅ ያቅለሸለሸኝ ነገር ግን እስከ ዛሬ አላየሁም።

«ኧረ ዝም በሉ!» አለ ቲቸር። «እየተናገረች ነው! ምን አለች?»

ምስር ለቃሚዋ ቀና ብላ ለመጀመሪያ ጊዜ ትናገር ነበር። ጽሑፉ ከሥር ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ሌላ ይመጣል። ረጅም ንግግር ነው። እናቴ አልተረጎመችውም።

«ምን አለች? አመለጠን እኮ!»

እናቴ ተነሣች። እጁ ከጭኗ ላይ ወርዶ ሶፋው ላይ ወደቀ። እኔን ተሻግራ ወደ መስኮቱ ሄደችና ብርድ ልብሱን ነጥላ አወረደችው። ብርሃኑ ሲገባ ሁሉም ዓይናቸውን ጨፍነው ተኮማተሩ፤ ድንጋይ ሲገለበጥ ሥሩ እንደሚገኙ ትሎች። ሁሉም ነገር ታየ፦ በምራቅ የተጣበቀው ገለባ፣ ሳሕኑ ጠርዝ ላይ የደረቀው ገለፈት፣ ሶፋው ላይ መዳፉን ዘርግቶ የቀረው እጅ።

ሾፌሩ ጫማውን መፈለግ ጀመረ። «እትዬ፣ እኔ በእውነት…» ብሎ ተወው። ከዚያ ቀን በኋላ ያ ሰው አለቃው ያለበት ቤት ገብቶ አያውቅም። የእኛንም ዕቃ በመኪናው ያጓጓዘልን እሱ ነው።

«ቁጭ በይ እንጂ» አለ አባቴ፣ ድምፁን አፍኖ። «ሰው ፊት ምንድን ነው ይሄ?»

«ሰው ፊት?» እናቴ አንድ በአንድ አየቻቸው። «ከእናንተ ውስጥ ሰውየው የቱ ነው?»

ቴሌቪዥኑ ውስጥ ሴትዮዋ ማንም በማይረዳው ቋንቋ መናገሯን ቀጥላለች። እናቴ ብርድ ልብሴን አራግፋ አጠፈችው፤ ብብቷ ውስጥ ያዘችው፤ እኔን በእጄ አነሣችኝና ወደ አባቴ ዞረች። ድምፅዋ ዝቅ አላለም፤ እንደዚያ ጮክ ብላ ስትናገር ሰምቼ አላውቅም ነበር።

«ልጄን ይዤ እህቴ ዘንድ እሄዳለሁ። ነገ ሥራ እፈልጋለሁ። አንተ ከእንግዶችህ ጋር ፊልምህን እይ፤ እኔ ወደዚህ ቤት አልመለስም።»